የአንዲት ከተማ ስሞችና የፍለጋ ትምህርት

በ1910ዎቹ ዓመታት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ በተሾሙ ጊዜ፣ አውራጃውን ለሌላው አገር አርአያ የሚሆን ግዛት ለማድረግ ተነሡ። የአስተዳደሩ መቀመጫ የሆነችው ከተማም በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ ተባለች። እኒህ ሰው በሩሲያ የተማሩ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሆነውን «ፋቡላ»ን የደረሱ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ከተማይቱ ዛሬ ጭሮ ትባላለች፤ በኢቱ ኦሮሞ ጥንታዊ የሸንጎ ሥፍራ ስም የተሰየመው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚችው ከተማ ነው።

እንግዲህ ከመሰላ፣ ከሂርና ወይም ከገለምሶ መጥቶ ከኮሌጅ ክፍል የተቀመጠ ወጣት «ይህች ከተማ እንደምን ተቆረቆረች? በማንስ ትተዳደር ነበር?» የሚል የቤት ሥራ ቢሰጠው ፍለጋውን ከየት ይጀምራል? «ጭሮ» በሚለው ስም ብቻ ቢፈልግ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ የቀድሞው ጽሑፍ የሚገኘው «አሰበ ተፈሪ»፣ «ጨርጨር» ወይም «ሐረርጌ» በሚሉት ስሞች ሥር ነውና። ወደ ሰውየው ስም ቢዞር አንዱ ጽሑፍ «ፊታውራሪ»፣ ሌላው «በጅሮንድ» ይላቸዋል። የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በካታሎግ የሚሰፍረው በራስ ስም ሲሆን፣ ይህን ልማድ የማያውቅ የውጭ አገር መዝገብ ግን በአባት ስም ገልብጦ ሊያስገባው ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ያው አንድ ስም በልዩ ልዩ አጻጻፍ ይመጣል። ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚያስረዳው ከሌለ፣ ወጣቱ «ስለ ከተማችን የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ታሪክ ያላት ከተማ ታሪክ የሌላት መስላ የምትታየው እንዲህ ባለው ስሕተት ነው።

የኮሌጅ ተማሪን በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምርምር ማስተማር እንደ ራሱን የቻለ ሥራ መታየት የጀመረው በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። በአሜሪካ የኦበርሊን ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አዛርያ ሩት ይህንኑ ትምህርት ለብዙ ዓመታት ሰጥተዋል። ይሁንና ከሌላው ትምህርት ተነጥሎ የሚሰጥ ገለጻ በቀላሉ ይረሳል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በዲትሮይት ከተማ፣ በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥር በነበረው ሞንቲዝ ኮሌጅ፣ ፓትሪሺያ ናፕ የመሩት ሙከራ የመጻሕፍቱን ፍለጋ ከክፍሉ ትምህርት ጋር ለማቆራኘት ጣረ። በኧርላም ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ኤቫን ፋርበርም ትምህርቱ መምህሩ ጽሑፍ ባዘዘበት ጊዜ፣ ለዚያው ለታዘዘው ሥራ እንዲሰጥ አደረጉ። ተማሪው የሚሰማው የሚያስፈልገው ዕለት ነውና።

በኢትዮጵያ የቤተ ክህነት ትምህርት መጽሐፉና መምህሩ ተነጣጥለው አያውቁም፤ የመጻሕፍት ቤት ደቀ መዝሙር ንባቡን ከነትርጓሜው ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ዘመናዊው ኮሌጅ ግን መምህሩን በክፍል፣ መጽሐፉን በሌላ አዳራሽ አኖረ። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። በ1940ዎቹም ውስጥ የኮሌጁ ተማሪዎች የሕዝብን ባህልና ልማድ የሚያጠና ማኅበር አቋቁመው የጥናታቸውን ውጤት በመጽሔት ማውጣት ጀመሩ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር፣ ሆይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ስለ ልዩ ልዩ አውራጃዎች ያዘጋጇቸው የመመረቂያ ጽሑፎች በዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። ከአገር ሽማግሌዎች አንደበት የተቃረመ ብዙ ቃል ተጠብቆ የቆየው በእነዚሁ ጥራዞች ነው። ትናንት መፈለግን የተማረው ወጣት ለዛሬው ፈላጊ ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ይህን አካሄድ ወደ ጭሮና ወደ አካባቢዋ የትምህርት ቤቶች ማምጣት ታላቅ ወጪን አይጠይቅም። መምህሩ የሚሰጠውን ጥያቄ ለቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ አስቀድሞ ያሳውቀው፤ ባለሙያውም መጻሕፍቱን መርጦ፣ የከተማይቱንና የሰዎቹን ስሞች ከነአጻጻፋቸው ዘርዝሮ፣ ሥራው በታዘዘበት ሳምንት ከክፍሉ ጋር ይገናኝ። ተማሪው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመውን የተክለ ሐዋርያትን የሕይወት ታሪክ ያንብብ፤ ነገር ግን በዚያ አያብቃ። መጽሐፉ የአስተዳዳሪው ቃል ነው። የተዳደረው የኢቱ ገበሬ ቃል የሚገኘው በአብዛኛው በሽማግሌዎች ዘንድ ነው፤ እነርሱም እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሆነው አይጠብቁም። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመዛዘን የሚችል ተማሪ ምርምርን ተማረ ይባላል።

የጻፈውም ጽሑፍ በተራው ከመደርደሪያው ሲገባ «ጭሮ»፣ «አሰበ ተፈሪ»፣ «ጨርጨር» በሚሉት ስሞች ሁሉ ይመዝገብ፤ ከመሰላ የሚመጣው ቀጣዩ ወጣት በየትኛውም ስም ቢጠይቅ ያገኘው ዘንድ።