ፍጽምናን መሻትና ሳያልቅ የሚቀር የፈጠራ ሥራ

ፍጽምናን መሻት በራሱ የሕመም ስም አይደለም፤ ነገር ግን ከጭንቀትና ከድብርት ጋር አብሮ ሊታይ ይችላል። ልብ ወለድ የጀመረ ሰው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ደጋግሞ ሲያርም፣ ሁለተኛውን ሳይነካ ዓመት ያልፋል። ቤተሰብ ስንፍና ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ፍርሃት ነው፤ ያላለቀ ሥራ አይተችምና። ሥራውን ባስቀመጠ ቁጥር ለጊዜው እፎይ ስለሚል ማዘግየቱ ይደጋገማል።

በአስተሳሰብና ባህርይ ሕክምና የሚሰጥ አንድ ልምምድ አለ። ረቂቅዎን ለሚያምኑት ሰው ከማሳየትዎ በፊት «ምን ይለኛል?» ብለው የፈሩትን ይጻፉ፤ ካሳዩ በኋላ የተሰጠዎትን አስተያየት ከጎኑ አስፍረው ያነጻጽሩ። ለመጀመሪያው ጊዜ አንድ ገጽ ይበቃል።

እንቅልፍ ካጡ፣ ወይም አንድን ዓረፍተ ነገር «ልክ እስኪመጣ» መላልሶ መጻፍን ማቆም ካቃተዎት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።