ቪስታ እና የአክስቴ ፕሪንተር

ዊንዶውስ ቪስታን የወደደ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ የአሥር ዓመቱን እኔን። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ይስቁብኛል። በሶፍትዌር ሠሪዎች መንደር ቪስታ መተረቢያ ነው። ፕሮግራም በተንቀራፈፈ ቁጥር «ቪስታ ሆነ» የሚል ልጅ ቢሮአችን ውስጥ አለ። ልጁ ራሱ ቪስታ የተጫነበት ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም፤ ጥላቻውን የወረሰው ነው።

እኔ ግን ነክቻለሁ። ለሦስት ቀን።

2000 ዓ.ም.፣ የሚሌኒየሙ ዓመት ክረምት ነው። አክስቴ ደሴ ውስጥ ፍርድ ቤቱ አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። የክስ አቤቱታ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የዕድር ደንብ፣ የሰርግ መጥሪያ ትጽፋለች። ትምህርት ሲዘጋ እሷ ጋ ነበር የምከርመው። የምትሠራው ኤክስፒ በተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ያም በሰበብ አስባቡ እየጠፋ አስቸግሯት ነበር። ዱባይ የምትሠራው የአጎቴ ልጅ ይህን ሰምታ አዲስ ላፕቶፕ ላከችላት። ሳጥኑ ሲከፈት ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ ብል አልዋሸሁም። ቪስታ ተጭኖበት ነው የመጣው። የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ መስታወት ከኋላ ያለውን ያሳያል። ለአሥር ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን አለ?

በመጀመሪያው ማታ በስልክ መስመር ከኢንተርኔት ጋር አገናኘሁትና (ያን የሚያንቋርር ድምፅ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ) የአማርኛ ውክፔዲያን ከፈትኩ። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ይኸው ገጽ የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ነበር። በአዲሱ ላይ ግን «ሀ» ራሱ «ሀ» ሆኖ ወጣ። ማንም ምንም አልጫነበትም፤ ከሳጥኑ ሲወጣ ፊደላችንን ያውቅ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አክስቴ ፕሪንተሯን ሰካች። አልሠራም። አብሮት የመጣው ሲዲ የያዘው የኤክስፒ ድራይቨር ብቻ ነው፤ አምራቹም ለዚያ አሮጌ ሞዴል አዲስ አላወጣለትም። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ስክሪኑ ይጨልምና ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቃል። ውጭ ባለጉዳይ ተሰልፏል።

በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ተጠራ። ገና ከበሩ «ቪስታ ነው እንዴ?» አለ፤ ሐኪም የበሽታ ስም እንደሚጠራ። ፎርማት አደረገው፣ ኤክስፒ ጫነበት። ከሰዓት በኋላ ፕሪንተሩ እየጮኸ ወረቀት ይተፋ ጀመር። ከእኔ በቀር ሁሉም ደስ አለው። ውክፔዲያም ወደ ሳጥኖቹ ተመለሰ።

አክስቴን ለዚህ ብዙ ጊዜ ተቀይሜያት ኖሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢንጂነሪንግ ስማር፣ ከዚያም ፕሮግራም እየጻፍኩ መኖር ስጀምር ነው የቪስታን ታሪክ አንስቼ የጣልኩት፣ መልሼም ያነሳሁት።

ታሪኩ ከኤክስፒ ይጀምራል። ኤክስፒ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2001 ነው። ቤት ውስጥ ሲጫን መጀመሪያ የሚፈጠረው ተጠቃሚ የአስተዳዳሪነት ሙሉ ሥልጣን ነበረው። ምን ማለት ነው? አንድ ጨዋታ ብትከፍቱ ጨዋታው የእናንተን ሥልጣን ይዞ ይሮጣል። የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ለገባ ለወጣው እንደ መስጠት ነው። እኛ ፕሮግራም ጻፊዎች ደግሞ ይህን ለምደነው ነበር። ፕሮግራማችን ማስታወሻውን የሲስተሙ ፋይሎች ባሉበት ቦታ ሁሉ እየዘረገፈ ያስቀምጣል፤ ማን ከልካይ አለው?

ከዚያ ዎርሞቹ መጡ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጥር ስላመር፣ በነሐሴ ደግሞ ብላስተር። ብላስተር የያዘው ኮምፒውተር 60 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቆጥርና ጠፍቶ ይነሳል። ቢል ጌትስ ቀደም ብሎ፣ በ2002 ጥር፣ ለሠራተኞቹ በላከው ደብዳቤ አዲስ ነገር ከመጨመርና ደህንነትን ከመጠበቅ አንዱን መምረጥ ሲኖርባቸው ደህንነትን እንዲያስቀድሙ አዞ ነበር። ሎንግሆርን በሚል የሥራ ስም የተጀመረው የኤክስፒ ተተኪ ግን በሌላ በኩል ተዘርግቶ ተዘርግቶ መቋጫ አጣ። በ2004 ክረምት አብዛኛውን ሥራ ትተው የሰርቨሩን ዊንዶውስ ኮድ መሠረት አድርገው እንደገና ጀመሩ። የተባለለት አዲስ የፋይል አያያዝም ቀረ። ቪስታ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2007 ነው፤ ከኤክስፒ ከ5 ዓመት በላይ ቆይቶ።

እነዚያ አምስት ዓመታት ናቸው ጠቡን የወለዱት ብዬ አምናለሁ። አምስት ዓመት ዝም ብሎ አያልፍም። ሰው ኤክስፒን ተንተርሶ ኑሮውን ሠራ። ፕሪንተር ገዛ፣ ስካነር ገዛ፣ የትኛው ፕሮግራም በየት በኩል ሲነካ እንደሚነቃ ተማረ፣ ልጁን አስተማረ። የአክስቴ ሱቅ ሙሉ በሙሉ በኤክስፒ ላይ የቆመ ቤት ነበር። ቪስታ ሲመጣ ጥያቄው «የትኛው ይሻላል?» ብቻ አልነበረም፤ የድሮው ጥፋት ዕዳ በማን ይከፈል የሚልም ነበር።

ዕዳው እንዴት እንደተከፋፈለ ልብ በሉ። ቪስታ ያ የሚያጨልመውን የፈቃድ ጥያቄ ይዞ መጣ። አፕል ወዲያው መቀለጃ አደረገው፤ በ2007 ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጠባቂ ከኮምፒውተሩ ጎን ቆሞ በተናገረ ቁጥር ፈቃድ ይጠይቃል። በ2008 ሚያዝያ ደግሞ የማይክሮሶፍት ኃላፊ የሆነው ዴቪድ ክሮስ በአንድ የደህንነት ጉባኤ ላይ ጥያቄው የተጨመረው ሰውን ለማናደድ እንደነበር በግልጽ ተናገረ። ዘዴው ተጠቃሚው ተናድዶ ፕሮግራም ጻፊውን እንዲጮህበት፣ ጻፊውም ያለ ሙሉ ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም እንዲጽፍ ነው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ትክክል ነበራ! ከዚያ በኋላ የጻፍናቸው ፕሮግራሞች በአብዛኛው ሥርዓት ይዘዋል፤ ዛሬ ለዚህ ተግሣጽ አመስጋኝ ነኝ። ግን ዱላው ያረፈው በማን ጀርባ ላይ ነው? አክስቴ ማንን ትጮህበት? የመጻፊያውን ፕሮግራም የገለበጠችው ከጓደኛዋ ፍላሽ ላይ ነው።

ድራይቨርም እንዲሁ ነው። ቪስታ የግራፊክስ ድራይቨሮች የሚጻፉበትን መንገድ ቀየረ፤ ዓላማው አንድ ድራይቨር ሲበላሽ ኮምፒውተሩን ሁሉ ይዞ እንዳይወድቅ ነው። መልካም። ነገር ግን አምራቾቹ እንደገና መጻፍ ነበረባቸው፣ አልደረሱምም። በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር የወጣ የማይክሮሶፍት ሰነድ እንዳሳየው፣ በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች 29 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከኤንቪዲያ ድራይቨሮች ጋር የተያያዙ ነበሩ። ክርክሩ ራሱ ስለ ሌላ ነው። ሱቅ ውስጥ «ለቪስታ ብቁ» የሚል ስቲከር የተለጠፈባቸው ርካሽ ኮምፒውተሮች ያን መስታወት መሳዩን ገጽታ ማሳየት አይችሉም ነበር። ስቲከሩ የኢንቴል አሮጌ ቺፕ ላላቸው ጭምር እንዲሰጥ መስፈርቱ ላልቶ ነበር። የተታለሉት ተራ ገዢዎች ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ ከማይክሮሶፍት ምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዱ የነበረው ማይክ ናሽ ራሱ ስቲከሩን አምኖ ላፕቶፕ ከገዛ በኋላ፣ በ2,100 ዶላር ኢሜይል ማንበቢያ ነው የገዛሁት ብሎ ለባልደረቦቹ ጽፎ ነበር።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። በ2008 ሐምሌ ማይክሮሶፍት ቪስታን የማይወዱ ሰዎችን ሰብስቦ «ሞሃቪ» የተባለ ገና ያልወጣ ሲስተም ነው ብሎ አሳያቸው። ወደዱት። ከዚያ ተነገራቸው፤ ያዩት ለካ ቪስታ ነው። ኩባንያው ይህን ለማስታወቂያ ተጠቀመበት። ቪስታን ለሚደግፉት ጥላቻው ወሬ ብቻ እንደሆነ ማስረጃ ሆነ። ለሚጠሉት ደግሞ የማይክሮሶፍት ንቀት ማስረጃ ሆነ። አንድ ሙከራ፣ ሁለት ፍርድ። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። ሰዎቹ ያዩት ሲስተም ጥሩ ነበር። የታየው ግን ማይክሮሶፍት ባዘጋጀው ላፕቶፕ ላይ፣ ማይክሮሶፍት በመደበው አሳዪ ነው። አንዳቸውም ከቤታቸው ፕሪንተር ተሸክመው አልመጡም።

በዚያው ዓመት የአሜሪካው ኢንፎወርልድ መጽሔት ኤክስፒ ከገበያ እንዳይወጣ ፊርማ ሲያሰባስብ ከ200,000 በላይ ሰው ፈርሟል። ለሶፍትዌር ፊርማ! በ2009 ጥቅምት ዊንዶውስ 7 ሲወጣ ግን ዓለም ተገላገልን አለ። እስኪ የውስጥ ቁጥሩን ተመልከቱ። የቪስታ 6.0 ነው፤ የዊንዶውስ 7 ደግሞ 6.1። መሠረቱ አንድ ነው። የፈቃድ ጥያቄው ቀነሰ፣ ፍጥነቱ ተስተካከለ፣ ያ ሁሉ ግን የማሻሻያ ሥራ ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከውጭ ነበር፤ በነዚያ ሦስት ዓመታት ገደማ ድራይቨሮቹ ተጻፉ፣ ሚሞሪ ረከሰ፣ እኛም ፕሮግራሞቻችንን አረምን። ዕዳውን ቪስታን የገዙት ከፍለው ጨረሱት፤ ምስጋናውን 7 ወሰደው።

የፊደሉ ነገር ቀርቶብኛል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ዘዴ ነበረው። የላቲን ፊደላት በሚቀመጡበት ቁጥር ላይ የእኛን ቅርጽ ይስሉበታል፤ ፊደላችን ብዙ ስለሆነ አንድ ፎንት አይበቃውም፣ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱን ብትከፍቱት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅልቅ ነው። ኤክስፒ አብሮት የሚመጣ የግዕዝ ፎንት አልነበረውም። ቪስታ ግን ኒያላ የተባለውን ይዞ ወጣ፤ የአማርኛ መጻፊያ ዘዴም አብሮ ነበረው። ፎንቱ የተሰየመው በደጋችን እንስሳ ነው። (እኔ ኒያላ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሲጋራው ነው፤ ይቅር በሉኝ።) ስለ ቪስታ ካነበብኩት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁሉ ይህን ያነሳ አላጋጠመኝም። ለምን ያንሱት? የእነሱ «ኤ» መቼ ሳጥን ሆና ታውቃለች!

አክስቴም አላነሳችውም፤ ይህ ነው ብዙ ያቆየኝ። እሷ እኮ አማርኛ አልቸገራትም። ሲጫን፣ ሲታተም፣ ማኅተም ሲያርፍበት ፊደሏ ፊደል ነው። እኔ አማርኛን ስክሪን ላይ ፈለግሁት፤ ለእሷ ስክሪን መተላለፊያ ነበር፣ ሥራዋ ወረቀቱ ነው። የአጎቴ ልጅ በዓመቱ ለእረፍት መጥታ ላፕቶፑን ስትከፍት ደነገጠች።

«እትዬ፣ አዲሱን ዕቃ አሮጌ አደረጉት?» አለቻት።

«የማያትም አዲስ ምን ያደርግልኛል ልጄ?»

የአጎቴ ልጅ ዝም አለች። የብዙ ወር ደመወዟ ነው። እሷም የሆነ ነገር ከፍላለች፣ የከፈለችበትን ነገር ደግሞ አላየችውም።

ዘንድሮ ቢሮአችን ውስጥ ተመሳሳይ ክርክር ነበር። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ላይ መደበኛ ድጋፉ ቆመ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕና በአንጻሩ አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የሒሳብ ክፍሏ እህታችን ኮምፒውተሯ ምንም አልሆነም፣ እንደ በፊቱ ይሠራል፣ መስፈርቱን ግን አያሟላም። እኔ ስለ ደህንነት ረጅም ዲስኩር አደረግሁላት። ያልኩት ሁሉ ትክክል ነበር። መጨረሻ ላይ «እና ይህ የማን ጥፋት ነው? የእኔ?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

አክስቴ ሱቁን ከዘጋች ቆይታለች። ባለፈው ዓመት አንድ ፍላሽ ሰጠችኝ፤ የዓመታት ሥራዋ ነው። ከውስጡ አያቴ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩበት የዕድር ደንብ አለ፤ የታተመው ቅጂ ጠፍቷል፣ ዕድሩም ሰነዱን ይፈልገዋል። ስከፍተው እንደጠበቅሁት ነው፤ ከአናት እስከ ግርጌ የላቲን ድብልቅልቅ። ያ በሦስት ቀን የተሰናበተው ዓለም አሸንፎ፣ የአክስቴ ፊደላት በተራቸው የማይነበቡ ሆነዋል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከፊደላቱ ጋር የሚያዛምድ ትንሽ ፕሮግራም ለመጻፍ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። «ቿ» እና «ኟ» እስከ መጨረሻው አስቸገሩኝ፤ እነሱን በእጄ አረምኳቸው።

ሲያልቅ በቴሌግራም ላክሁላት። ስልኳ ላይ ከፈተችው፤ ሁሉም ፊደል በቦታው። ከአፍታ በኋላ ደወለች።

«እሰይ፣ ተባረክ! አሁን ይታተማል ወይ?»

አትሜ አልሞከርኩትም ነበር።