ልብሱን ወደድን፤ ለባሹንስ?

ነገሩ የሆነው ከሜክሲኮ ወደ መርካቶ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። የኋላ ወንበር ላይ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ቡናማ የሸራ ጃኬት ደርቧል፤ ኪሱ የበዛ፣ ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ የተሰፋበት ሱሪ ታጥቋል፤ ጭቃ ረግጦ የማያውቅ የጭቃ ቦት ጫማ ተጫምቷል። ሱሪው ጭኑ ላይ የመዶሻ ማንጠልጠያ ሳይቀር አለው። መዶሻ ግን የለም።

መንገድ ላይ ሌላ ሰው ገባ። እሱም ኪሱ የበዛ ልብስ ለብሷል፤ የጋራዥ ቱታ። ቱታው ዘይት ዘይት ይሸታል፤ የደረት ኪሱ ላይ ካቻቪቴ ተሰክቷል። ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ያ ዘናጭ ወጣት ጃኬቱን ሰብሰብ አድርጎ ወደ መስኮቱ ሸሸት አለ። መካኒኩ አየው። ምንም አላለም። ማንንም ላለመንካት እየተጠነቀቀ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ኩምትር ብሎ ተቀመጠ።

ወጣቱ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? እኔ ነኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ጃኬቱን ስሰቅል ነው ነገሩ የከነከነኝ። ሁለታችንም የለበስነው የሥራ ልብስ ነበር። የእኔው "ስታይል" ሲባል የእሱ "ቆሻሻ" የሆነው በምን ሒሳብ ነው? እናም ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (ከዚህ በታች "ዓ.ም." ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

የእንጨት ቆራጩ ሱሪ

በ1870 መጨረሻ ገደማ፣ ሬኖ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ጄኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ከሪጋ ተሰዶ የመጣ ሰው ነው። እንጀራው የሚገኘው ድንኳን፣ የጋሪ ሸራና የፈረስ ልብስ ከመስፋት ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት መጣችና "ባለቤቴ እንጨት ቆራጭ ነው፤ ሱሪ አልበረክት አለው፤ የማይቀደድ ሥራለት" አለችው።

ሱሪ የሚቀደደው የት እንደሆነ ዴቪስ ያውቃል። ሠራተኛ ሰው ኪሱ ውስጥ ምስማርም ድንጋይም መሣሪያም ይከታል፤ በዚያ ላይ ጎንበስ ቀና ይላል። ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው ኪሱ ጥግ ላይ ባለችው ስፌት ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የምትለቀው እሷ ናት። የፈረስ ልብስ ማሰሪያ የሚያጠብቅባቸው ትንንሽ የመዳብ ሪቬቶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አንስቶ የኪሶቹ ጥግ ላይ ቀጠቀጣቸው። ሱሪውን በ3 ዶላር ሸጠ። ሱሪው አልተቀደደም። ወሬው ተዛመተ፤ ትእዛዙም ጎረፈ።

ዴቪስ ፈጠራውን ለማስመዝገብ 68 ዶላር ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ በ1872 ጨርቅ ለሚያቀርብለት የሳን ፍራንሲስኮ ነጋዴ፣ "ወጪውን ቻለኝና አብረን እንሥራ" ሲል ደብዳቤ ጻፈ። ነጋዴው ሌቪ ስትራውስ ይባላል፤ እሱም ከባቫሪያ የመጣ ስደተኛ ነው። ሜይ 20 ቀን 1873 የፈጠራ መብቱ በቁጥር 139,121 ተመዘገበ። እንግዲህ ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚለብሰው ጂንስ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ከአንድ እንጨት ቆራጭ ቀዳዳ ኪስ።

ልብ በሉ፣ ያኔ "ጂንስ" የሚለው የለም። ኩባንያው ራሱ እስከ 1960 ገደማ ድረስ ሱሪውን ይጠራበት የነበረው ስም በእኛ ቋንቋ "የወገብ ቱታ" እንደማለት ነው። ቱታ! ያቺ ታክሲ ውስጥ የሸሸኋት ቱታ።

ጨርቁም የራሱ ጠባይ አለው። የሸማኔ ሀገር ልጆች ነንና ይገባናል፤ ድሩ ሰማያዊ፣ ማጉ ነጭ ነው። የሱሪው ውስጡ ነጣ የሚለው ለዚህ ነው። ድሩ የሚነከርበት ኢንዲጎ ደግሞ ወደ ክሩ እምብርት አይዘልቅም፤ ላይ ላዩን ይለብጠዋል እንጂ። ስለዚህ ሰውየው በተንበረከከበት፣ በተቀመጠበት፣ መሣሪያ በያዘበት ቦታ ቀለሙ እየተፋቀ ይነጣል። የአንድ ሠራተኛ አሮጌ ሱሪ የባለቤቱ ማስታወሻ ደብተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ዘፋኙና የሆቴሉ ሰው

ለ60 ዓመታት ያህል ይህንን ሱሪ የሚለብሰው ማዕድን ቆፋሪ፣ ከብት ጠባቂና የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። በ1930ዎቹ የምሥራቅ አሜሪካ ሀብታሞች ለሽርሽር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ከብት እርባታዎቹ ይሄዱ ጀመር። ገንዘብ ከፍለው ለሁለት ሳምንት "ካውቦይ" ይሆናሉ፤ ሲመለሱ ሱሪውን ይዘው ይመለሳሉ። ሰው የሥራ ልብስን ሳይሠራበት መልበስ የጀመረው፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ያኔ ነው።

በ1951 የሆነችው ነገር ግን ታሪኩን በሙሉ ጠቅልላ ትናገራለች። ቢንግ ክሮስቢ በዘመኑ የታወቀ ዘፋኝና የፊልም ተዋናይ ነው። ከአደን መልስ ከእግር እስከ ራሱ ጂንስ እንደለበሰ ቫንኩቨር፣ ካናዳ ውስጥ አንድ ሆቴል ገባ። የእንግዳ መቀበያው ሰው ገልመጥ አድርጎት "አልጋ የለም" ዓይነት መልስ ሊሰጠው ነበር። ማንነቱ ሲታወቅ ግን በሩ ተከፈተ። የሌቪ ስትራውስ ኩባንያ ይህንን ሰምቶ በጂንስ ጨርቅ የተሰፋ የእራት ግብዣ ኮት ሠርቶ ሰጠው፤ የኮቱ ውስጥ ገበር ላይ ለሆቴል ሰዎች የተጻፈ ማሳሰቢያ ቢጤ አለበት። ሀገር ሳቀ።

እኔ ግን ሳቁ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጨርቁ ያው ነው። ሰውየው "ሠራተኛ" ሲመስል በሩ ተዘጋ፤ "ኮከብ" ሲሆን ተከፈተ። ታዲያ ያን ዕለት ማታ ከክሮስቢ ቀጥሎ እውነተኛው እንጨት ቆራጭ ቢመጣስ? ለእሱ ኮት የሚሰፋለት ማን ነው?

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1953 ማርሎን ብራንዶ፣ በ1955 ጄምስ ዲን ጂንስ ለብሰው ስክሪን ላይ ወጡ። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሱሪውን ሲከለክሉት ጎረምሳው ይበልጥ ወደደው።

ከሥዕል ስቱዲዮ ወደ ጋራዥ

የቱታ ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሄደው። ቃሉ የጣሊያን ነው። ጎሚስታ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ባሌስትራ እያሉ ወደ ጋራዦቻችን ከገቡት ቃላት ጋር አንድ ዘር ነው። የሚገርመው ግን ልብሱን የፈጠረው መካኒክ አይደለም፤ አርቲስት ነው።

ኤርኔስቶ ሚካሄሌስ ይባላል፤ "ታያት" በሚል የብዕር ስም ይታወቃል፤ የፍሎረንስ ሰው ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ጣሊያን ውስጥ ልብስ እሳት ሆኖ ነበር። ታያት ከአንድ ቁራጭ ርካሽ ጨርቅ፣ በቀጥታ መስመር ተቆርጦ የሚሰፋ አንድ ወጥ ልብስ ነደፈ። "ቱታ" ያለውም "ሁሉ" ወይም "ሙሉ" ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ተነሥቶ ነው፤ ሁለመናን የሚሸፍን፣ ሁሉም የሚለብሰው ልብስ። በ1920 የቱታው አቆራረጥ "ላ ናትሲዮኔ" በተባለው ጋዜጣ ወጣ፤ ማንም ሰው ቤቱ እንዲሰፋው ነው ሐሳቡ። ሐሳቡን ቀድመው የተቀበሉትም የፍሎረንስ ዘናጮች ነበሩ። ፋሽኑ ግን ብዙ አልቆየም። ቱታ እየዋለ እያደረ ወደ ፋብሪካና ወደ ጋራዥ ወረደና የሠራተኛ ልብስ ሆኖ ቀረ። በእኛም አገር የስፖርተኛና የመካኒክ ስም ሆኖ ኖረ።

አያችሁ? አንዱ ልብስ ከጉድጓድ ተነሥቶ ሳሎን ገባ፤ ሌላው ከሳሎን ተነሥቶ ጋራዥ ገባ። ጨርቅ በራሱ ክብርም ውርደትም የለውም ማለት ነው። ክብርና ውርደቱን የምናለብሰው እኛ ነን።

አውቀው የለበሱት

ያንን ክብር ሆን ብለው ለማልበስ የሞከሩ ሰዎችም ነበሩ። ጥቁር አሜሪካውያን በጂንስ ጨርቅ ላይ ያላቸው ትዝታ ከሌላው ይለያል። በባርነት ዘመን ለባሪያ ተብሎ የሚሸመን ሻካራ ጨርቅ ነበር። ከነፃነት በኋላም የእኩል አራሹ ጥቁር ገበሬ ልብስ ያው የሥራ ሱሪ ነው። ስለዚህ የጥቁር ቤተሰብ ልጁን ኮሌጅ ሲልክ "ከዚህ ልብስ ወጣልኝ" ይላል። የ1960ዎቹ ተቃዋሚ ተማሪዎችም መጀመሪያ ሰልፍ የሚወጡት በሱፍና በክራቫት ነበር።

በኋላ የተማሪዎቹ የአመፅ-አልባ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ወጣቶች ወደ ሚሲሲፒ ገጠር ገበሬውን ለምርጫ ሊያስመዘግቡ ወረዱ። እዚያ ሱፍ ለብሰው ሲሄዱ ገበሬው "ጌቶች" ብሎ ይሸሻቸዋል። ሱፉን አወለቁ፤ እንደ ገበሬው ባለ ማንገቻውን የሥራ ሱሪ ለበሱ። ወላጆቻቸው ግን ደስ አላላቸውም፤ "እኛ የሸሸነውን?" የሚል ቅሬታ ነበር።

ኤፕሪል 12 ቀን 1963 የስቅለት ዕለት ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግና ራልፍ አበርናቲ በርሚንግሃም ላይ ሰልፍ ወጥተው ሲታሰሩ ሱፍ አልለበሱም፤ የሥራ ልብስ ነበር የለበሱት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥቁሩ ሕዝብ የከተማዋን ዘረኛ ሱቆች በፋሲካ ገበያ ላለመግዛት አድሞ ነበር፤ ለፋሲካ አዲስ ልብስ አለመግዛት የትግሉ አካል ነው። ኪንግ ያንን ታዋቂ የእስር ቤት ደብዳቤውን የጻፈው በዚህ እስሩ ነው።

እነዚህ ሰዎች ልብሱን የለበሱት ወደ ለባሹ ለመቅረብ ነው። ከእኔ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። እኔ ልብሱን ለብሼ ከለባሹ ሸሸሁ።

ያረጀ የሚመስል አዲስ

በ1990ዎቹ የኒውዮርክ የሂፕ ሆፕ ልጆች የሥራ ልብስን እንደገና አነሡት። ሃሚልተን ካርሃርት በ1889 ዲትሮይት ላይ ለባቡር ሠራተኞች ብሎ የጀመረው ካርሃርት፣ በ1973 ውኃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራው ቢጫው የቲምበርላንድ ቦት... ክረምቱን ጎዳና ላይ ለሚውል ልጅ የሚሞቅና የማያልቅ ልብስ ነው። ከጎዳናው ወደ ቪዲዮ ክሊፕ፣ ከቪዲዮው ወደ አውሮፓ ሱቆች፣ ከዚያም በሳተላይት ዲሽና በቦንዳ ወደ እኛ ሰፈር።

አሁን ያቺን ነጥብ እንመልስ፤ ማስታወሻ ደብተሩን። ሳይሠራበት ያረጀ የሚመስል ሱሪ ገበያ ላይ ተወደደ። ፋብሪካዎች አዲስ ጂንስ ላይ በኃይለኛ አየር አሸዋ እየረጩ ጉልበቱንና ጭኑን ማንጣት ጀመሩ። ቱርክ ውስጥ ይህ ሥራ በትንንሽ፣ አየር በማያስገቡ ክፍሎች ይሠራ ነበር። አሸዋውን የሚረጩት ልጆች ብናኙን እየተነፈሱ "ሲሊኮሲስ" የሚባል፣ ሳንባን የሚያደርቅና መድኃኒት የሌለው በሽታ ያዛቸው። ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ነበሩ፤ የሞቱም አሉ። ቱርክ በ2009 ሥራውን አገደች፤ በ2010 ሌቪ ስትራውስና ኤች ኤንድ ኤም በምርቶቻቸው ላይ እንደሚያቆሙት አስታወቁ።

አስቡት እንግዲህ። ያልሠራ ሰው የሠራ እንዲመስል፣ የሚሠራው ሰው ሳንባውን ከፈለ።

አዋጁና ታክሲው

"ይሄ የፈረንጅ ጉዳይ ነው" እንዳትሉኝ። ባለ እጅን መናቅ እኛ ቤት ቆይቷል። ብረት ቀጥቃጩን "ቡዳ"፣ ቆዳ የሚያለፋውን "ፋቂ" ስንል የኖርን ሰዎች ነን። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ቢብስባቸው ነው። ማረሻውን ቀጥቃጭ ሠርቶት፣ ሸማውን ሸማኔ ሸምኖት፣ ማረሻውንና ሸማውን እየወደድን ሰዎቹን እንሰድብ ነበር። ዛሬ ስድቡን ትተነው ይሆናል። ታክሲ ውስጥ ግን ሸሸት እንላለን።

ጃኬቱን ጣለው የሚል ካለ አልጥለውም። ጥሩ ጃኬት ነው፤ ይበረክታል፤ ኪሶቹም ይጠቅማሉ። የሥራ ልብስ መልበስ ነውር የለበትም። ነውሩ የልብሱን ጥንካሬ ወድዶ፣ ጥንካሬው ለማን ሲባል እንደተፈጠረ መርሳት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ቀይሬያለሁ። ቱታ የለበሰ ሰው ታክሲ ውስጥ ሲገባ አሁንም ወደ መስኮቱ ፈቀቅ እላለሁ። ግን ቦታ ልለቅለት ነው። ትንሽ ዘይት ቢነካኝስ? ጃኬቱ የተሠራው ለዚያ አይደል እንዴ?