ስለ ገራዶ ሜዳና ስለ ቦርከና ረግረግ

የአንድ አገር ታሪክ በነገሥታት ስምና በጦርነት ዘመን ብቻ አይታወቅም፤ ወንዙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚተኛ የመረመረ ሰው ሕዝቡ በዚያ ሥፍራ ስለ ምን እንደ ሰፈረ ያስተውላል።

ገራዶ ከደሴ አጠገብ፣ ከጦሳ ተራራ ማዶ የሚገኝ ዝቅተኛ ሜዳ ነው። መሬቱ በጥንት ዘመን ተሰንጥቆ ሰመጠ፤ በኋላም ጐርፍ ከተራሮቹ ያጋዘው አፈር ሞላውና ሜዳ ሆነ። አፈሩ ጥልቅ፣ ውሃውም ቅርብ ስለ ሆነ ገበሬው በመስኖ ያለማዋል። በዚሁ በኩል የሚያልፈው መንገድ ወደ ወረኢሉ ያደርሳል፤ ይኸውም ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ የሸዋን ጦር የቀጠሩበት ከተማ ነው።

በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቦርከና አለ። ይህ ወንዝ ከኩታበር አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ፣ ደሴን አልፎ፣ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከዚያም ጨፋ ከሚባለው ሜዳ ሲደርስ ኃይሉ ይደክምና ረግረግ ሆኖ ይተኛል፤ ኋላ ግን ጕዞውን ቀጥሎ ከአዋሽ ይገናኛል።

የቆላው ረግረግ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው ወባ ነው። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ስለዚህ የቀድሞ ሰው ቤቱን በዳገት ሠርቶ ሜዳውን ለሣር መተዉ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ሁለተኛው ጠባዩ በረከት ነው። በጋ ሲበረታ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ ይወርዳል፤ ድርቅ በሆነ ጊዜም መሸሻው ይህ ነው። በቀዳም ሥዑር ካህናት የሚያድሉት ቄጠማ፣ በእስላሙም በክርስቲያኑም ቤት ለቡና የሚጐዘጐዘው ቄጠማ፣ የሚበቅለው በእንዲህ ያለ ርጥብ መሬት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ተሠራ። ኮምቦልቻም የመንገድ መጋጠሚያ ሆነች፤ ቆይቶም ፋብሪካ ተተከለባት። ከዚያ ወዲህ ቦርከና ከደለሉ ጋራ የሁለት ከተማ እድፍ ተሸክሞ ይወርድ ጀመር። በላይ ያለው ሰው የጣለውን ያያል እንጂ የሚደርስበትን አያይም፤ በታች ያለው ከብት ግን ይጠጣዋል።

ረግረግን ባዶ መሬት የሚል ሰው በጥጋብ ወራት ያየው ሰው ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ እንዳስተማረው፣ ውሃ የያዘ ጭቃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚታወቀው ሰማይ በተዘጋ ቀን ነው። እንግዲህ ቦርከናን በላይ መጠበቅ የታችኛውን ጎረቤት መጠበቅ ነው።