የአሉሚኒየም የተሽከርካሪ ክፍሎች ውልወላ በቢቸናና በሞጣ

የአሉሚኒየም ውልወላ ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም ሌላ መከላከያ ሽፋን የሌለበትን ጥሬ አሉሚኒየም፣ በየደረጃው እየደቀቀ በሚሄድ ማለስለሻ በመፈግፈግ ብርሃንን እንደ መስታወት እንዲመልስ የማድረግ ሥራ ነው። በተሽከርካሪ ላይ የሚሠራው በአብዛኛው በአሎይ ቸርኬ፣ በሞተር ሳይክል የሞተር ክዳንና የፊት ሹካ፣ እንዲሁም በአንዳንድ መኪኖች የቴስታታ ክዳን ላይ ሲሆን፣ ልዩ ማሽን የግድ ስለማያስፈልገው በመኖሪያ ቤት ግቢ ሊከናወን ይችላል። ውልወላ በብረቱ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ የሚያደርገው ትልልቁን ጭረት በትንሹ፣ ትንሹን ደግሞ ዓይን በማያየው እየተካ ገጽታውን ማስተካከል ብቻ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ቢቸናና በሁለት እጁ እነሴ የምትገኘው ሞጣ፣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በውጭ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች አሉሚኒየምን ከሚጎዱት ነገሮች በቀዳሚነት የሚያነሡት የባሕር ነፋስንና በክረምት በረዶን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተንን ጨው ነው፤ ይህ ስጋት በጎጃም ደጋ የለም። በምትኩ ጉዳት የሚያደርሰው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ዝናብና በተለይ በቢቸና ዙሪያ በስፋት የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው፤ ዋልካ በቸርኬው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ላዩ ቢደርቅም ከሥሩ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ፣ በአሉሚኒየሙ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ነጫጭ ነቁጦችና ጥቃቅን ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። ስለዚህ የውልወላ ሥራ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ቢጀመር ይመረጣል።

አሉሚኒየም ለአየር በተጋለጠ ቅጽበት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ኦክሳይድ የተባለ፣ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ ቆዳ ያወጣል። ይህ ቆዳ የብረት ዝገት ከሚያደርገው በተቃራኒ የውስጡን ብረት ከተጨማሪ ጉዳት ይጠብቃል፤ ነገር ግን በእርጥበትና በቆሻሻ ብዛት ሲወፍር ገጽታውን አመድማ ያደርገዋል። ብረቱ ራሱ ለስላሳ ሲሆን ኦክሳይዱ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ፣ ተፈቅፍቆ የወጣው ቅንጣት በጊዜ ካልታጠበ ተመልሶ ይጭራል።

ከሁሉ በፊት ክፍሉ በእርግጥ ጥሬ አሉሚኒየም መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከአሮጌ የድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት ከተጣበቀበት ቸርኬው ተራ ብረት ነው። ካልተጣበቀ፣ በማይታይ ቦታ ላይ በውሃ የራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጊዜ ይፈገፈጋል፤ የሚወጣው ዝቃጭ ነጭ ከሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ቫርኒሽ አለበት፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን እጁ የደረሰው ብረቱ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል ኦክሳይዱ ሆን ተብሎ እንዲወፍር የተደረገበት ክፍልም አለ፤ እንዲህ ያለው ሽፋን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተር ይለየዋል።

የሥራው ዋና ድካም ያለው በብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ነው። የወረቀቱ ቁጥር ባደገ መጠን ቅንጣቱ ይደቅቃል፤ ጥልቅ ጭረት ያለበት ክፍል በ320 ተጀምሮ በ400፣ በ600፣ በ800፣ በ1000 እና በ1500 አልፎ በ2000 ይጠናቀቃል። ወረቀቱ ጥቂት ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ ይነከራል፣ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ተጠቅልሎ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገፋል፤ ቁጥሩ ሲቀየር አቅጣጫውም ይቀየራል፤ ምክንያቱም የቀደመው ጭረት ከአዲሱ ጋር ሲሻገር በግልጽ ስለሚታይ፣ ጠፍቶ እስኪያልቅ ድረስ መፈግፈጉን ማቆም እንደማይገባ ያመለክታል። ቸኩሎ ከ400 ወደ 1000 የዘለለ ሰው ስህተቱን የሚያየው መጨረሻ ላይ፣ ገጽታው ካበራ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ዘለለው ቁጥር ከመመለስ ሌላ መፍትሔ የለውም። በአሸዋ ቅርጽ የተቀለጡ ክፍሎች፣ በተለይም ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ተደባልቀው የተሠሩት፣ በውስጣቸው የአየር ቀዳዳ ስላለ እየተፈገፈጉ ሲሄዱ ጥቋቁር ነጥቦች ይወጡባቸዋል፤ በጥልቀት መፈግፈግ ነጥቦቹን ከመቀነስ ይልቅ አዳዲሶችን ስለሚገልጥ ባሉበት መተው ይሻላል።

ከዚያ በኋላ የጋራዥ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ኮምፓውንድ ወይም ለብረት የተዘጋጀ ማወልወያ ቅባት በጨርቅ ይታሻል። ጥጥ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ታጥቦ የለሰለሰ አሮጌ ነጠላ፣ ጥበቡ ተቆርጦ ከወጣ፣ ከሚሸጠው ጨርቅ አያንስም። ጨርቁ ወዲያው ይጠቁራል፤ ይህ የደቀቀ አሉሚኒየምና ኦክሳይድ ስለሆነ ቅባቱ መሥራቱን ያሳያል እንጂ ክፍሉ አልታጠበም ማለት አይደለም። መብራት ሲኖር በትራፓኖ ላይ የሚገጠም የጥጥ መንኮራኩር ድካሙን ያቀላል፤ በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር የሚሽከረከረው ትንሹ ግራይንደር ግን ለዚህ ሥራ እጅግ ፈጣን በመሆኑ ብረቱን ያግለዋል፣ ጨርቁንም ይበታትነዋል።

በጓዳ ያለ ማጽጃ ሁሉ ለአሉሚኒየም አይስማማም። ድስት የሚፈገፈግበት አመድ በውሃ ሲርስ አልካሊ ስለሚሆን ገጽታውን ያጨልማል፤ ኮስቲክ ሶዳ ብረቱን በልቶ በቀላሉ የሚቀጣጠል የሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ በረኪና ደግሞ ጉድጓድ ይቆፍርበታል። የብረት ሽቦ ማጽጃም በአሉሚኒየሙ ላይ የሚተወው ቅንጣት ዝጎ ቡናማ ነጥብ ይሆናል።

ደረቅ የአሉሚኒየም ብናኝ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ የሚፈነዳ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2014 በቻይና ኩንሻን ከተማ የመኪና ቸርኬ በሚወለወልበት ፋብሪካ የተከማቸ ብናኝ ፈንድቶ ከ140 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በእጅና በውሃ የሚሠራ ሰው እዚህ አደጋ ላይ አይደርስም፤ በማሽን የሚሠራ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሥራት፣ ተራ ብረት በሚሞረድበት መሣሪያ ላይ አሉሚኒየም ማስነካትና ያለ ጭንብል መቆም የለበትም። የፍሬን ክፍሎች፣ ቸርኬው ከሞዞ ጋር የሚገናኝበት ገጽና ጋስኬት የሚያርፍበት ጠርዝ አይወለወሉም። የሞተር ክዳን ተፈቶ መሠራት ይኖርበታል፤ ሳይፈታ ከተሠራ በክፍተት የሚገባው ቅንጣት ዘይቱን ተከትሎ ወደ ኩሽኔታ ይደርሳልና።

የተወለወለ ጥሬ አሉሚኒየም ካልተሸፈነ በሳምንታት ውስጥ መደብዘዝ ይጀምራል። የመኪና ሰም ይህን ያዘገየዋል፤ ጎጃም በብዛት የሚያመርተው የንብ ሰምም በስሱ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ሲታሽ ለቸርኬና ለሹካ ያገለግላል። የንብ ሰም በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ በሞተር ክዳንና በቴስታታ ላይ ግን አይቆይም፤ እነዚህ ክፍሎች ሙቀት በሚችል ቫርኒሽ ካልተሸፈኑ በየጊዜው በቅባት መታደስ ይኖርባቸዋል። ቫርኒሽ የተቀባ ክፍል ብርሃኑ ጥቂት ይቀንሳል፣ ሽፋኑ በጠጠር ሲፈነቀልም ውሃ ከሥሩ ገብቶ የትል መንገድ የመሰለ ነጭ መስመር ይዘረጋል፤ ስለዚህ በጠጠር መንገድ ላይ ለሚውል ቸርኬ ሰሙ ይመረጣል።