ከምድጃ ወደ ሽቦ፦ የደጋ ቤት ሙቀት አጭር ታሪክ በደሴና በኮምቦልቻ



በወለል ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ ዘርግቶ ቤትን ማሞቅ ለብዙዎቻችን የመሐንዲስ ወይም የባለጸጋ ጉዳይ እንጂ የታሪክ ጥያቄ አይመስልም። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ግን ይህ ቴክኖሎጂ በእኛ ታሪክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ለቆየ አንድ ጥያቄ የሚቀርብ ዘግይቶ የመጣ መልስ መሆኑን ነው። ጥያቄው፦ እሳት ከቤት ሲወጣ ሰውን የማሞቅ ሥራው ለማን ተላለፈ? የሚል ነው።

በመልክዓ ምድሩ እንጀምር። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት በደሴ ጋቢውን ደርቦ የወጣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ አውልቆ በክንዱ ይይዘዋል። ስለዚህ የቤት ሙቀት ጉዳይ በሁለቱ ከተሞች እኩል ክብደት የለውም። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የሚጠይቀው በዋናነት የደጋውን ቤት ነው።

የቀድሞው የደጋ ቤት ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። ምድጃው በቤቱ ወለል ላይ ነበር። እሳቱ እንጀራ ይጋግራል፣ ወጥ ያበስላል፣ ያበራል፣ ሰውንም ያሞቃል። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የተሠራው መደብ ቀን የሳበውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። የሣሩ ክዳን በውስጡ አየር አቅፎ ስለሚይዝ ሙቀቱ ፈጥኖ አያመልጥም። በብዙ የደጋ አካባቢዎች ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ በቆጥ ላይ ያድር ስለነበር የከብቱ ትንፋሽ ራሱ ከሥር የሚወጣ ማሞቂያ ነበር። ይህን የምለው ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም። የዚያ ቤት ጭስ የስንት እናቶችን ዓይንና ሳንባ እንደጎዳ እናውቃለን።

ሙቀት ፍለጋ የቤት ብቻ ሳይሆን የመንግሥትም ጉዳይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ መስፈራቸው ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባውም የማገዶና የእንጨት እጥረት የአዲሲቱን ከተማ ህልውና ስለተፈታተነ ነው። ከተሞቻችን የቆሙት በውሃ ብቻ ሳይሆን በእሳትም ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ሦስት ገጽታ ነበረው። ቆርቆሮ የሣሩን ክዳን ተካ፤ ሲሚንቶ የጭቃውን ወለል ተካ፤ ማብሰያውም ከመኖሪያው ተለይቶ ወደ ጓሮ ኩሽና ወጣ። ሦስቱም በጎ ለውጦች ናቸው። ቤቱ ከጭስና ከዝናብ ፍሳሽ ዳነ፤ ጽዳቱም ተሻሻለ። ነገር ግን ሦስቱም በአንድነት ቤቱን አቀዘቀዙት። ቆርቆሮ ሙቀትን አይዝም፤ ሲሚንቶ ከእግር ላይ ሙቀትን ይስባል፤ እሳቱም የለም።

ኤሌክትሪክ ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ወደ እኛ የመጣው በሌላ ስም ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተባለ። የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እስከ ዛሬ ኃይል ሲቋረጥ «መብራት ጠፋ» እንላለን። «ሙቀት ጠፋ» የሚል የለም። ቋንቋው ራሱ ከሽቦው የጠበቅነው ብርሃንን እንደነበር ይመሰክራል። በደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ቧንቧ ለከተሜው ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደነበር ይናገራል። ሙቀት ግን ሰፈር የሚሰየምለት የሕዝብ አገልግሎት ሆኖ አያውቅም።

ሽቦው ሁለተኛ ሥራ ያገኘው በምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድን ገልብጣችሁ ብታዩ በሸክላው ጀርባ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ጥምዝምዝ የማሞቂያ ሽቦ ተቀብሮ ታገኛላችሁ። ሽቦው የኤሌክትሪክን ፍሰት ሲቋቋም ይግላል፤ ሸክላው ሙቀቱን ተቀብሎ በእኩል ያሰራጫል። የወለል ማሞቂያም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም፤ በሸክላው ቦታ ሲሚንቶና ሴራሚክ አለ፣ ሙቀቱም ለዘብ ያለ ነው። እንግዲህ ቴክኖሎጂው በእጃችን ነበር። የጋገርንበት ግን እንጀራን ብቻ ነው።

ሰውን የማሞቁ ሥራ ባለቤት ሲያጣ ከሰል ወረሰው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ የከሰል ማንደጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በር ዘግተው፣ ማንደጃ አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ በየብርዱ ወቅት የምንሰማው ለዚህ ነው። የዛሬው ርእሳችን የምቾት ብቻ ያልሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወለልን ማሞቅ በዓለም አዲስ አይደለም። ሮማውያን ከ2,000 ዓመታት በፊት በከፍታ በቆመ ወለል ሥር የእሳት ትኩስ አየር ያሳልፉ ነበር። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ በዘመተባት ኮሪያም የምድጃው ጭስ በወለሉ ሥር አልፎ በሌላው ወገን እንዲወጣ የሚያደርግ «ኦንዶል» የተባለ ጥንታዊ ሥርዓት አለ። ኮሪያውያን በወለል ላይ ይቀመጣሉ፣ ይተኛሉም። ፍራሽ ተነጥፎ፣ ቡና ተፈልቶ ወለል ላይ በሚቀመጥበት የወሎ ቤትም ወለል መርገጫ ብቻ አይደለም፤ መቀመጫም ነው።

ወደ አሠራሩ እንምጣ። በመጀመሪያ ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይሰርግ መከላከያ ሰሌዳ ይነጠፋል። ሽቦው በእኩል ርቀት፣ እርስ በርሱ ሳይነባበር ይዘረጋል፤ የመቋቋም መጠኑም ከመቀበሩ በፊትና በኋላ ይለካል። የሙቀት መቆጣጠሪያና በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ ይገጠማል። ከቁም ሣጥን ሥር ሽቦ አይዘረጋም። ወፍራም ፍራሽም ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ የአነጣጠፍ ልማዳችን መታሰብ አለበት።

ወጪውን በምጣድ እንለካው። በካሬ ሜትር 150 ዋት ብንወስድ 12 ካሬ ሜትር ክፍል 1,800 ዋት ይፈልጋል። ይህም 3,500 ዋት ያህል ከሚወስድ ምጣድ ግማሽ ገደማ ነው። ነገር ግን ምጣድ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይሠራል፤ ወለል ግን በየሌሊቱ። ስድስት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 10.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም የሦስት ሰዓት ጋገራ ነው። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ይህን ማድረግ ሰማይን ማሞቅ ነው። ስለዚህ ኮርኒሱና የበሩ ስንጥቅ ከሽቦው ይቀድማሉ።

ቅርብ ጊዜ ያለፈው ታሪክም ሌላ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ በብርዱ ወራት መግቢያ ላይ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ነበር። በሽቦ ብቻ የሚሞቅ ቤት በእንዲህ ያለ ጊዜ ከማንኛውም ቤት ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የቀድሞው ቤት ብልሃት ሙቀቱን ከእሳት፣ ከመደብ፣ ከክዳንና ከከብት አሰባስቦ መያዙ ነበር። ሁሉንም በአንድ ምንጭ ላይ አልጣለም።

በዚህ የተነሣ የወለል ማሞቂያን እንደ ባዕድ ቅንጦት መናቅም፣ እንደ ሙሉ መድኃኒት መቀበልም ትክክል አይመስለኝም። በተለይ የምሕንድስና ተማሪዎችን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ለደሴ ቤት ስትነድፉ የመብራቱን ብዛት ብቻ አትቁጠሩ። ሕፃኑና አዛውንቱ ሌሊቱን በምን ሞቀው እንደሚያድሩ በንድፉ ላይ ጻፉ። እሳቱን ከቤት ያወጣነው እኛ ነን፤ ምትኩን ማሰብም የእኛ ዕዳ ነው።