የዳባት የጤና መዝገብና የቤተ መጻሕፍት ተግባር

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው አንድ ጥያቄ ነው፤ በዳባትና በደባርቅ አካባቢ ስለ ሕዝብ ጤና ለሚመረምር ሰው የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ምን ሊያደርግለት ይችላል? ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የነገሩ መነሻ የደምቢያ ንዳድ ነው። በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ባለው ሜዳ ወባ ገብቶ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት የጤና መኰንን፣ ነርስና ሳኒተሪያን የሚያሠለጥን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ፤ ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ኮሌጁ ገና ጀማሪ ሳለ፣ በ1958፣ ከፊተኛው የከፋ ወረርሽኝ በብዙ ጠቅላይ ግዛት ተነሣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። በሽታው የበረታውም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አገሮች ነበር። ደገኛ ቆላ ወርዶ ማደርን የሚፈራው ስለ ወባ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ወባ ራሷ ሽቅብ ወጣች።

የዚህ መቅሠፍት ሳይንሳዊ ዘገባ በ1961 የታተመው በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ነው። የሞተው የእኛ ሰው ሲሆን ወረቀቱ ባሕር ማዶ ተቀመጠ ማለት ነው።

በዳባት በ1996 ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት ቆጠራ ተደረገ። ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚከታተለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል መሠረቱ ይኸው ነው። ሰው ሐኪም ሳያየው ቤቱ ሲሞት ዘመዶቹ ስለ ሕመሙ ይጠየቃሉ፤ ከመልሳቸው የሞቱ ምክንያት ይገመታል። እንዲህ ያለው ቁጥር ግን ከቀድሞው ጋር ካልተነጻጸረ ትርጉሙ ጎደሎ ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

የውጭውን መጽሔት ማግኘት ከቀድሞው ቀሏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ከአሳታሚዎች ጋር ሂናሪ የተባለውን ዘዴ ስለ ጀመረ፣ በድኻ አገሮች ያሉ ተቋሞች ብዙ የሕክምና መጽሔት በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ያነባሉ። ሆኖም በሩ ቢከፈት ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሙያ ነው። ደባርቅ በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ በሆነ አጻጻፍ ይገኛል፤ ሰሜን ተራራም እንዲሁ። በአንዱ ብቻ የፈለገ ተማሪ «ምንም አልተጻፈም» ብሎ ይመለሳል፤ ይህ በእኔም ደርሶብኛል። አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ፊደሉን ለውጦ ባይፈልግልኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጀመርሁም።

ከባዱ ግን የአገር ውስጡ ወረቀት ነው። የአሜሪካው መጽሔት እኛ ብንጥለው ሌላ ዘንድ ይገኛል፤ ተማሪ በእጁ የጻፈው የመንደር ጥናት ግን ቅጂ የለውም። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት አስቀድሞ ሊሰበስበው የሚገባው ይህን ይመስለኛል፤ ያውም የቀበሌውን የዛሬና የቀድሞ ስም፣ ዓመቱንና ከፍታውን በካርድ አስፍሮ፤ የቀበሌ ወሰን ይለወጣልና።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ተማሪ በእርሳስ የሣለውን የመንደር ካርታ አይቻለሁ። ምንጮቹ በሰማያዊ፣ መጸዳጃዎቹ በቀይ ተለይተዋል፤ ቤቶቹም አንድ በአንድ ተቈጥረዋል። የመንደሩ ስምና ዓመቱ የነበሩበትን ማዕዘን ምስጥ በልቶታል።